እውነት ይዞ ላለመሸነፍ፦ የቤት ኪራይ ክርክርን በድሬዳዋ እስከ ችሎት ማድረስ

እኔ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ከፍርድ ቤት ብዙም በማይርቅ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ የሰዎችን ክስ፣ መልስና ማመልከቻ እጽፋለሁ። ቀድሞ በታይፕ ነበር፤ አሁን በኮምፒውተር ሆኗል። ጠበቃ ስላልሆንኩ ችሎት ገብቼ ስለ ማንም አልከራከርም። የኪራይ ጠብ ግን ከግቢ በር ተነሥቶ እስከ አፈጻጸም መዝገብ እንዴት እንደሚጓዝና የት ላይ እንደሚሰናከል ዘወትር አያለሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እውነት ይዞ የሚሸነፍ ሰው ነው። ተከራይም ይሁን አከራይ፣ በደሉን በቀን፣ በገንዘብ መጠንና በወረቀት ማስረዳት ያቃተው ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ ያለቅሳል እንጂ አያሸንፍም። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ደጅ ከወጣ ወይም የበሩ ቁልፍ ከተቀየረ በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው ጠቡ ገና ሲሸት ለሚያነብ ሰው ነው።

ቤቱ የማን ነው?

ባለጉዳይ ሲመጣ በደሉን ከመስማቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ቤቱ የማን ነው? የሚኖሩበት ነው ወይስ የሚሠሩበት? መንገዱ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ከዚራ ወይም መጋላ ውስጥ በቀበሌ ቤት የሚኖሩ ከሆነ አከራይዎ መንግሥት ነው። እነዚህ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ በመንግሥት እጅ የገቡ ናቸው። የእነርሱ ክርክር በቅድሚያ ቤቱን ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ይቀርባል፤ ካልተፈታ በድሬዳዋ አስተዳደር ቻርተር፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ወደ ተቋቋሙት የከተማው ፍርድ ቤቶች ይሄዳል። ሱቅ፣ መጋዘን ወይም ምግብ ቤት የተከራየ ሰው ደግሞ የሚዳኘው በውሉና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

ከግለሰብ የተከራዩት መኖሪያ ቤት ከሆነ፣ ሳቢያን ያለ ሙሉ ግቢም ይሁን ገንደ ቆሬ ያለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይመለከትዎታል። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ጋር በአዋጁ ከተሸፈኑት ከተሞች አንዷ ናት። ሐረር ላሉ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ በክልሎች አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው፤ ክሱም የሚቀርበው ለሐረሪ ክልል ፍርድ ቤቶች ነው። ከዚህ በታች ስለ ማስረጃና ስለ ክስ አጻጻፍ የምለው ግን ለሁለቱም ከተሞች ይሆናል።

ከአዋጁ ውስጥ ዘወትር የሚያስፈልጉት ጥቂት ነገሮች ናቸው። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። ከተፈረመ በኋላ በ30 ቀናት ውስጥ ተቆጣጣሪ በተባለው የመንግሥት አካል ዘንድ ቀርቦ መረጋገጥና መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድመ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ደላላ «የስድስት ወር ካልከፈላችሁ ቤት የለም» ሲል እየጠየቀ ያለው ሕግ የከለከለውን ነው። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው። ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ይከፈላል። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ሰዎች ችላ የሚሉት ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ነው። የባንክ ደረሰኝ ቀን አለው፣ መጠን አለው፣ የላኪና የተቀባይ ስም አለው። ማንም ሰው መጥቶ ሊክደው አይችልም።

ጠቡ ሳይጦፍ የሚሰበሰብ

አንድ ፋይል ይግዙ። ውስጡ ውሉ ከነምዝገባው፣ የባንክ ደረሰኞች ወይም የሒሳብ መግለጫ፣ በቴሌብር የከፈሉ ከሆነ መልእክቶቹ ታትመው፣ የውሃና የመብራት ደረሰኞች፣ ከአከራዩ የተጻፈ ማንኛውም ወረቀት ወይም የስልክ መልእክት በቀን ቅደም ተከተል ይቀመጡ። መልእክቶቹን ከስልክዎ ላይ አያጥፉ። የታተመው ወረቀት ቢካድ ስልኩ ራሱ ይጠየቃል።

የውሉን ወረቀት ሲያነቡ የፈረመውን ሰው ልብ ብለው ይመልከቱ። ድሬ የባቡርና የንግድ ከተማ ናት፤ ባለቤቱ ጅቡቲ ወይም ዐረብ አገር ሆኖ ቤቱን የሚያከራየው ዘመድ ወይም የታመነ ጎረቤት የሆነበት ግቢ ብዙ ነው። ያ ሰው በምን ሥልጣን እንደፈረመ የሚያሳይ ውክልና ከሌለ ነገ ባለቤቱ መጥቶ «እኔ አላከራየሁም» ሊል ይችላል። በአሮጌ ቤቶች ደግሞ ውርስ ያልተከፋፈለ ወንድምና እኅት አለ፤ አንዱ አከራይቶ ገንዘቡን ይበላል፣ ሌላው መጥቶ ውጡ ይላል። ስለዚህ ሲዋዋሉ የካርታውን ኮፒ፣ የውክልናውን ወይም የወራሽነቱን ማስረጃ ኮፒ ይጠይቁ። ኮፒ ሰጥቶ የሚዋዋል አከራይ ቅን አከራይ ነው፤ በመጠየቅዎ የሚቆጣውን ሰው ግን አስቀድመው ያውቁታል።

በቃል ብቻ የተከራየ ሰው ምን ያድርግ? ተስፋ አይቁረጥ። ለአንድ ሰው ሒሳብ በየወሩ የገባ አንድ ዓይነት ገንዘብ፣ በቤቱ ቁጥር የተመዘገበ የነዋሪነት መታወቂያ፣ በዚያው አድራሻ የመጣ ደብዳቤ፣ አብረው በግቢው የሚኖሩ ሰዎች ምስክርነት ተደምረው ኪራይ መኖሩን ያሳያሉ። አስቀድሞ ግን አከራዩን በሰላም ቀርቦ «አዋጁ በጽሑፍ ይሁን ስለሚል እንጻፈው» ማለት ይገባል። እምቢ ካለ እምቢታውን ይዘው ወደ ተቆጣጣሪው አካል ይሂዱ።

እጅግ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ፤ ተቆጥተው ኪራይ መክፈል አያቁሙ። «ውሃ ቆርጦብኝ እንዴት እከፍላለሁ» የሚል ሰው ስሜቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን ያልተከፈለ ኪራይ ለአከራዩ ውሉን ለማፍረስ የተዘጋጀ ምክንያት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ተበዳይ የነበረው ሰው በአንድ ወር ውስጥ ተበዳሪ ሆኖ ይቆማል። አከራዩ ገንዘቡን በእጅ አልቀበልም ካለ በሒሳብ ቁጥሩ ያስገቡ። ሒሳቡን ከዘጋ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1779 ጀምሮ መፍትሔ አስቀምጧል፤ ገንዘብ ጠያቂው አልቀበልም ሲል ባለዕዳው ገንዘቡን ፍርድ ቤት በሚያዘው ቦታ ማስቀመጥ ይችላል። ይህን ያደረገ ተከራይ ኪራይ አልከፈለም ተብሎ በቀላሉ አይረታም።

ደግሞም በጭቅጭቅ መካከል ተዘጋጅቶ የመጣ ወረቀት ላይ አይፈርሙ። «እስከዚህ ቀን ቤቱን እለቃለሁ» የምትል አጭር ወረቀት ስንት ሰው እንዳስወጣች እኔ አውቃለሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1731 መሠረት ውል በተዋዋሉት ሰዎች መካከል እንደ ሕግ ነው፤ ያቺም ወረቀት ውል ናት።

ማስጠንቀቂያ

በሕጋችን አንድ ሰው ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ ከመክሰሱ በፊት ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 ነው። ሰዎች «ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ» ይሉኛል። በቃል የተነገረ ነገር ይካዳል፤ ስለዚህ ይጻፍ።

ጽሑፉ ረጅም መሆን የለበትም። እኔ እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ቀን፦ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.። ለአቶ ... ድሬዳዋ። ጉዳዩ፦ ማስጠንቀቂያን ይመለከታል። ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ባደረግነው ውል መሠረት በቁጥር ... የሚታወቀውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት በወር 4,000 ብር ለሁለት ዓመት አከራይተውኛል። ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ኪራዩ 7,000 ብር ካልሆነ ቤቱን እንድለቅ በቃል ጠይቀውኛል። ጥያቄው በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከተፈቀደው ውጭ ስለሆነ እንዲተውት፤ በውላችን መሠረትም በሰላም እንድኖር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ ለሚመለከተው አካል አቤቱታ የማቀርብ መሆኑን አስታውቃለሁ።»

ስድብ የለበትም፣ ዛቻ የለበትም፣ የአከራዩ ሚስት ስለተናገረችው ነገር አንድም ቃል የለበትም። በድሬ አንቱታ ብዙ አይለመድም፤ በግቢው ውስጥ አባወራውን «አንተ» እያሉ ኖረው ሊሆን ይችላል። በወረቀት ላይ ግን «እርስዎ» ይበሉ፤ ይህን ወረቀት ነገ ዳኛ ያነበዋል።

በሁለት ቅጂ ያትሙ። አንዱን ሰጥተው በሌላው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብለው ያስፈርሙ። አልፈርምም ካለ ሁለት ሰዎች ባሉበት ይስጡና የሰዎቹን ስም፣ ፊርማና ቀን በራስዎ ቅጂ ላይ ያስጽፉ፤ ወይም በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩና ደረሰኙን ከፋይሉ ያያይዙ።

ሽማግሌዎችና ተቆጣጣሪው አካል

ሽምግልናን የሚንቅ ሰው አልወድም። በአንድ ግቢ ውስጥ ከሚኖር ሰው ጋር ተካስሶ ማደር ከባድ ነው፤ ልጆቹ በአንድ ቧንቧ ይቀዳሉ፣ ልብስ በአንድ ገመድ ይሰጣል። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው ጎን ለጎን በሚኖርባት በዚህች ከተማ ሁሉም ወገን የሚሰማው ሽማግሌ አይጠፋም። ጠይቁት። ነገር ግን የተስማሙበትን ነገር በዚያው ዕለት በወረቀት አስፍረው፣ ሁለቱም ወገኖችና ሽማግሌዎቹ ፈርመውበት፣ ለየራሳቸው ቅጂ ይያዙ። ክሱ ከተከፈተ በኋላ ከታረቁ ደግሞ ዝም ብለው መዝገቡን አይተዉት። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 274 ጀምሮ እንደተደነገገው ስምምነቱን ለችሎቱ አቅርበው ያስመዝግቡት፤ ፍርድ ቤቱ ካጸደቀው እንደ ፍርድ ይፈጸማል። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ክርክሩን ወደ አስማሚ መምራትም አለ፤ ዳኛው ትስማማላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ነገሩን እንደ ማዘግየት አይቁጠሩት።

ለተቆጣጣሪው አካል የሚቀርበው አቤቱታ ከክስ ቀላል ነው። ውል አልመዘግብም ያለ አከራይ፣ ከተፈቀደው በላይ የተጨመረ ኪራይ፣ ከሁለት ወር በላይ የተጠየቀ ቅድመ ክፍያ የዚህ አካል ሥራ ናቸው፤ አዋጁን የጣሰን ሰው አስተዳደራዊ ቅጣት የመጣል ሥልጣንም አለው። በሰፈርዎ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ውል የሚመዘግበውን ክፍል ይጠይቁ፤ አቤቱታውም እዚያ ይጀምራል። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ወስደው በእርስዎ ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን ሳያስደርጉ አይውጡ። «ነገ ተመለስ» ሲባሉ ለምን፣ ወደ ማን እንደሆነ በማስታወሻዎ ይጻፉ። የሚሰጥዎት መልስ በደብዳቤ ከሆነ ችሎት ላይ ትልቅ ዋጋ አለው።

ከቤት የመባረር ሥጋት፣ የተዘጋ በር፣ የተቆረጠ ውሃና የደረሰ ጉዳት ካለ ግን በዚያ መንገድ ብቻ አይጠብቁ። እነዚህ የፍርድ ቤት ጉዳዮች ናቸው።

ክሱ እንዴት ይጻፋል

በድሬዳዋ ከግለሰብ ጋር የሚደረግ የኪራይ ክርክር የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የድሬዳዋ ምድብ ችሎት ነው። በአዋጅ 1234/2013 የዚህ ፍርድ ቤት የገንዘብ ሥልጣን እስከ 10 ሚሊዮን ብር ስለሚደርስ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ከዚያ ወጥቶ አያውቅም። በጣም አነስተኛ የገንዘብ ጥያቄ ብቻ ከሆነ ግን መዝገብ ከማስከፈትዎ በፊት ማኅበራዊ ፍርድ ቤት የሚያየው እንደሆነ ሬጅስትራሩን፣ ማለትም የፍርድ ቤቱን የመዝገብ ኃላፊ፣ ይጠይቁ።

የክስ አቤቱታ ምን መያዝ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 222 ይናገራል፦ የፍርድ ቤቱ ስምና ቦታ፣ የከሳሽና የተከሳሽ ስምና አድራሻ፣ ለክሱ ምክንያት የሆነው ነገር መቼና የት እንደተፈጸመ፣ የክሱ ግምት፣ የሚጠየቀው ዳኝነት። ብዙ ሰው የሕይወት ታሪኩን ይነግረኛል፤ እኔም እሰማዋለሁ፤ ሰው ሲበደል መናገር አለበት። ወረቀቱ ላይ የማሰፍረው ግን ቀን ያለውን ነው። ከላይ የጠቀስኩትን ምሳሌ ብንቀጥል የፍሬ ነገሩ ክፍል ይህን ይመስላል፦

«1ኛ. ተከሳሽ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በተደረገና በተመዘገበ ውል ቤቱን በወር 4,000 ብር ለሁለት ዓመት አከራይተውኛል። 2ኛ. ከውሉ ቀን ጀምሮ ያለውን ኪራይ በተከሳሽ የባንክ ሒሳብ ሳላቋርጥ ከፍያለሁ። 3ኛ. ተከሳሽ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሕግ ውጭ ጭማሪ ጠይቀዋል። 4ኛ. ሐምሌ 12 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ። 5ኛ. ሐምሌ 20 ቀን ወደ ቤቱ የሚገባውን የውሃ መስመር ዘግተዋል፤ እስከ ዛሬ አልከፈቱም።»

ከዚያ የዳኝነት ጥያቄው ይመጣል፤ ጉዳዩ የሚወድቅበትም የሚነሣበትም ስፍራ እርሱ ነው። ዳኛ ያልተጠየቀውን አይሰጥም። «ፍትሕ ይሰጠኝ» ብሎ የጨረሰ ማመልከቻ ስመለከት ልቤ ያዝናል። ይልቁንስ አንድ በአንድ ይቆጠር፦ ተከሳሽ የውሉ ዘመን ሳያልቅ ከቤቱ እንዳያስወጡኝ፤ ከ4,000 ብር በላይ የጠየቁት ጭማሪ ተፈጻሚነት የለውም እንዲባል፤ የዘጉትን የውሃ መስመር እንዲከፍቱ፤ ውሃ ለመግዛት ያወጣሁትን ገንዘብ ይህን ያህል ብር እንዲከፍሉ፤ የክርክሩን ወጪና ኪሳራ እንዲተኩ። ውሃ የገዙበትን ደረሰኝ ካላቀረቡ አራተኛው ጥያቄ አየር ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ከጄሪካን ሻጩም ቢሆን የተጻፈ ወረቀት ይቀበሉ።

በአንቀጽ 223 መሠረት የማስረጃ ዝርዝር ከክሱ ጋር አብሮ ይገባል። የሰነዱ ዓይነት፣ ቀኑ፣ ዋናው በማን እጅ እንዳለ ይጻፍ። ለምስክር ደግሞ ሙሉ ስም፣ አድራሻና የሚመሰክርበት ነገር። ምስክር የሚሆነው ያየና የሰማ ሰው ነው። ሐምሌ 20 ቀን ጠዋት ቫልቩ ሲዘጋ በግቢው የነበረች ጎረቤት፣ ነገሩን ከእርስዎ አፍ የሰሙ አምስት ዘመዶች ከሚሰጡት ይልቅ ትረዳዎታለች። ዘግይቶ «ሌላም ማስረጃ አለኝ» ማለት ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ነው፤ ሁሉንም በመጀመሪያው ቀን ያያይዙ።

አከራዩ ነገ ዕቃዎን ሊያወጣ ነው ብለው ከፈሩ ከክሱ ጋር የእግድ ማመልከቻ በቃለ መሃላ ተደግፎ ይግባ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ለዚህ ነው። እግድ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ነገሩ ባለበት እንዲቆይ ያደርጋል። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ሰው በግንቦት ውስጥ ሕፃን ባለበት ቤት ውሃ መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም፤ ሆኖም በማመልከቻው ላይ ሕፃን መኖሩን፣ ዕድሜውን፣ ከመቼ ጀምሮ ውሃ እንደሌለ በግልጽ ይጻፉ። አስቸኳይ ማለት ብቻውን አስቸኳይነትን አያሳይም።

የዳኝነት ክፍያ በክሱ ግምት መሠረት ይሰላል። መክፈል የማይችል ሰው ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት በደሃ ደንብ ሳይከፍል ክስ እንዲከፍት መጠየቅ ይችላል፤ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ነፃ የሕግ ምክር የሚፈልግም የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ የሚሰጠውን አገልግሎት ይጠይቅ። ገንዘብ አጥቶ መብቱን የተወ ሰው እንዳያጋጥመኝ ሁልጊዜ ይህን እናገራለሁ።

ስለ ጊዜም ይወቁ። ፍርድ ቤቶች በክረምቱ ማብቂያ፣ ከነሐሴ እስከ መስከረም፣ ለዓመታዊ ዕረፍት ይዘጋሉ፤ በዚያ ወቅት አስቸኳይ ጉዳይ የሚያየው ተረኛ ችሎት ነው። ስለዚህ በሰኔ የጀመረን ጠብ እስከ ነሐሴ አያቆዩ።

ችሎት

መዝገቡ ሲከፈት ቀጠሮ ይሰጥና መጥሪያ ይወጣል። መጥሪያው ለተከሳሹ መድረሱን ይከታተሉ፤ ያልደረሰ መጥሪያ የሚያስከትለው ሌላ ቀጠሮ ብቻ ነው። በቀጠሮው ቀን ቀደም ብለው ይድረሱ። ከሳሽ ሳይቀርብ ከቀረ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል፤ ታመው ከሆነ የሐኪም ማስረጃ ይዘው ወዲያው ያመልክቱ።

የችሎቱ ቋንቋ አማርኛ ነው። አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማልኛ ብቻ የሚናገሩ ከሆነ አስተርጓሚ እንዲመደብልዎት ከቀጠሮው በፊት ለሬጅስትራሩ ያሳውቁ። በግማሽ አማርኛ ተናግሮ ያልፈለጉትን ማለት አደገኛ ነው።

ዳኛው ሲጠይቅ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ። «ኪራይ እስከ መቼ ከፍለሃል?» ሲባል መልሱ የወር ስም ነው። አከራዩ ሲዋሽ አያቋርጡት፤ የዋሸበትን ነጥብ በወረቀት ይያዙና ተራዎ ሲደርስ ደረሰኙን ያሳዩ።

አከራይ ለሆኑ

አከራይ ሁሉ ባለጸጋ አይደለም። የባቡር ጡረተኛ ሚስት የነበሩና በሁለት ክፍል ኪራይ ብቻ የሚኖሩ እናቶች እኔ ጋር ይመጣሉ፤ ተከራዩ ለወራት ሳይከፍል «የትም ከሰሽ» ይላቸዋል። የእነርሱም መንገድ ያው ነው፦ ውል፣ የሒሳብ መግለጫ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ክስ። ጥያቄያቸውም ውሉ እንዲፈርስ፣ ቤቱን እንዲያስረክብ፣ ያልከፈለው ኪራይ ከዚህ ወር እስከዚህ ወር ተሰልቶ እንዲከፍል ይሆናል። በንዴት መብራት የቆረጡ ወይም ቁልፍ የቀየሩ ዕለት ግን ተከራዩን ከሳሽ ያደርጉታል። ልጆችዎ «እኛ እናስወጣው» ቢሉዎት እማማ፣ እባክዎ አይፍቀዱላቸው።

ጥገናም ብዙ ያጣላል። የድሬ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ቧንቧና ማሞቂያ ቶሎ ይደፈናል። ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ይላል፤ በዕለት ተዕለት አጠቃቀም የሚያስፈልገው አነስተኛ ጥገና የተከራይ ነው፤ በዕርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የመጣው የአከራይ ነው። ውላችሁ ላይ የቧንቧውን ነገር በግልጽ ብትጽፉ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ከፍርድ በኋላ

የተፈረደበት ወገን ቅር ካለው በ60 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ቀኑ የሚቆጠረው ከፍርዱ ዕለት ስለሆነ የውሳኔውን ግልባጭ በዚያው ሳምንት ይጠይቁ። ያሸነፉትም ፍርድ በራሱ አይፈጸምም፤ ተሸናፊው በፈቃዱ ካልፈጸመ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 378 መሠረት የአፈጻጸም ማመልከቻ ያስገባሉ፤ አዲስ የመዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል። ገንዘቡን፣ ቤቱን ወይም የውሃ መስመሩን በትእዛዝ የሚያስፈጽመው ያ መዝገብ ነው። ብዙ ሰው ፍርዱን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እባክዎ እንዲህ አያድርጉ።

በፍርድም ሆነ በስምምነት ቤቱን የሚለቁ ከሆነ ቁልፉን በደላላ ወይም በልጅ እጅ አይላኩ። ከአከራዩ ጋር በየክፍሉ ዞረው በሮቹን፣ መስኮቶቹንና ቧንቧዎቹን ይዩ፤ ፎቶ ያንሱ። በሁለት ቅጂ ርክክብ ይጻፉ፦ ቀኑ፣ የቁልፎቹ ብዛት፣ የውሃና የመብራት ቆጣሪው ንባብ፣ የተከፈለውና የቀረው ሒሳብ፣ የሁለታችሁ ፊርማ፣ የሁለት ምስክሮች ስም። ቅድመ ክፍያ የሚመለስ ካለም መጠኑና የሚመለስበት ቀን በዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር።